የቢጫው ጥብጣብ እምብርት

ዕድሜው ከሰላሳ በታች የሆነ ሰው እኔን የሚያውቀኝ በመብላት ነው። ቅዳሜ ጠዋት ቴሌቪዥኑን ሲከፍት አንዲት ድምፀ ጎርናና ሴትዮ በማታውቀው ከተማ የማታውቀውን ሰው በር ታንኳኳለች፤ «ዛሬ ምን ሠራችሁ?» ብላ ትገባለች፤ ድስት ትከፍታለች፤ ትቀምሳለች፤ ትስቃለች። ያቺ ሴትዮ እኔ ነኝ፣ ሆናሚ ኪሪኖ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ድስት ስከፍት ኖሬያለሁ። ከዚያ በፊት ዘፋኝ ነበርኩ ስላቸው ወጣቶቹ «እትዬ ሆናሚ ደግሞ ቀልድ አያልቅብዎትም» ይሉኛል። አልፈርድባቸውም፤ መስታወት ፊት ስቆም እኔም እጠራጠራለሁ።

ግን ነበርኩ። አስራ አምስት ዓመቴ ላይ ከሃኮዳቴ ወደብ ተነስቼ፣ ባሕሩን በጀልባ ተሻግሬ፣ ቀኑን ሙሉ በባቡር ተጉዤ ቶኪዮ ገባሁ። ያስመጣኝ የዘፋኞች ወኪል በገዛ ቤቱ ፎቅ ላይ አንዲት ጠባብ ክፍል ሰጠኝ። ክፍል ብቻ አይደለም፤ ስም ሰጠኝ፣ የልደት ቀን ሰጠኝ፣ የምወደውን ምግብ ሳይቀር እሱ መረጠልኝ። የምወደው ምግብ እንጆሪ ሆነ። እኔ እኮ የዓሣ አጥማጅ ልጅ ነኝ። የምወደው ሺዮካራ ነው፣ ስኩዊድ የሚባለው የባሕር እንስሳ በጨው ታሽቶ የከረመ ሆድዕቃ፤ ሽታው ጎረቤት ያሰድዳል። አይዶል የሚሏት፣ ለሰው ሁሉ እንደ አሻንጉሊት የምትሠራ ወጣት ዘፋኝ ግን ሺዮካራ አትበላም። ሆዷ አይጮህም፣ አታስነጥስም፣ ሽንት ቤት አትሄድም፣ ወንድ ቀና ብላ አታይም። የወደብ አፌ እንዳያጋልጠኝ ደግሞ «አዎ»፣ «አይ» እና «አመሰግናለሁ» ከሚሉት ውጪ እንዳልናገር ታዘዝኩ።

ይህን ሁሉ የምታስፈጽመው ሥራ አስኪያጄ እትዬ ቶኪኤ ነበረች። ያኔ አርባ ዓመት ቢሆናት ነው። ክረምት ከበጋ ያንኑ ግራጫ ኮትና ጉርድ ነው የምትለብሰው። በየሆቴሉ የእኔን ካልሲ በእጇ ታጥባለች፤ ፈገግታዬ ሲደክም ከኋላ ጀርባዬን ትቆነጥጠኛለች፤ ስራብ ደግሞ ከኮቷ ኪስ የሩዝ ድቡልቡል አውጥታ «ወደ ግድግዳው ዞረሽ ዋጪው» ትለኛለች። ልጅ አልወለደችም። ልጇ እኔ ነበርኩ፤ እንዲህ ብላ ግን አንድም ቀን አልተናገረችም።

«የማለዳው ጀልባ» የሚል ዘፈን ነበረኝ። ሌሎች ሦስትም ነበሩኝ፣ እነሱን እኔም ረስቻቸዋለሁ። ይኼኛው ግን የዘፈኖች ሽያጭ ሠንጠረዥ ላይ አስራ ሰባተኛ ደርሷል። ከወደብ ስለምትሄድ ልጅና የጀልባውን ገመድ ስለሚፈታላት ልጅ ነው የሚያወራው። በመጀመሪያው ግጥም ትሄዳለች፣ በሁለተኛው ትመለሳለች። ሁለተኛውን ግጥም እስከዚህ ክረምት ድረስ ለአርባ ዓመት ያህል አልዘፈንኩትም ነበር። ለምን እንዳልዘፈንኩት ነው የምነግራችሁ።

በዚያ ዘመን ዘፋኝ መድረክ ላይ ስትወጣ ደጋፊው የወረቀት ጥብጣብ ይወረውር ነበር። እያንዳንዷ ቀለም አላት፤ የኔ ቢጫ ነው። በየግጥሙ መጀመሪያ ላይ ግንባራቸውን በቢጫ ጨርቅ ያሰሩ ወንዶች በአንድ ድምፅ «ሆናቻን» ብለው ይጮሁና ይወረውራሉ። ሆናቻን የቁልምጫ ስሜ ነበር። ጥብጣቡ አየር ላይ እየተፈታ ይመጣና መድረኩን ቢጫ በቢጫ ያደርገዋል። ታዲያ ጥብጣቡ ከሱቅ ሲገዛ መሃሉ ላይ ጠንካራ የካርቶን ቀለበት አለው፣ እኛ እምብርት እንለዋለን። እምብርቱ ካልወጣ ጥብጣብ ሳይሆን ድንጋይ ወረወርክ ማለት ነው። ስለዚህ ደጋፊ የተባለ ሁሉ ከዝግጅቱ በፊት ቁጭ ብሎ፣ ጥቅልሉ እንዳይፈርስበት ተጠንቅቆ፣ እምብርቱን በአውራ ጣቱ ገፍቶ ያወጣዋል። ይህን የማያውቅ ደጋፊ አልነበረም። ቤት ሲገቡ ጫማ እንደማውለቅ ያለ ነገር ነው።

ቶያማ ላይ አንዱ ሳያወጣ ወረወረ። እኔ የማውቀው ታሪክ ይህ ነበር።

ወሩ ኅዳር ነው፣ አስራ ስምንት ዓመቴ። በዚያ ሰሞን ሥራው ቀዝቀዝ ብሎ ነበር፤ እትዬ ቶኪኤ ስልክ ላይ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ማውራት አብዝታለች። ቶያማ ስንደርስ ግን አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሰው የሚይዘው አዳራሽ ጢም ብሎ ሞልቷል። መጋረጃው ሲከፈት እስከ ኋላው ግድግዳ ድረስ ሰው ነው። ከፊት ባለ ቢጫ ግንባሮቹ፣ ከኋላ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም የለበሱ ልጆች፣ ሁሉም እጅ ላይ ጥብጣብ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ተወድጄ አላውቅም። የመጀመሪያውን ግጥም ጨርሼ ለሁለተኛው ትንፋሽ ስስብ አንድ ነገር መጥቶ ከግራ ቅንድቤ በላይ መታኝ። ደሙ ነጩ ቀሚሴ ላይ ሲንጠባጠብ አየሁት።

ወጉ ቢሆን ማልቀስ ወይም መውደቅ ነበረብኝ። እኔ ግን ማይኩን ጨብጬ ሦስት ዓመት የታፈነውን የሃኮዳቴ አፌን ለቀቅኩት።

«እምብርቱን ያላወጣው ማነው? ና ውጣ! አንተንስ ሲያዋልዱህ እትብትህን ሳይቆርጡ ነው እንዴ የለቀቁህ?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሁለተኛው ግጥም እዚያው ቀረ።

ግንባሬ በአራት ክር ተሰፋ። እንዲህ ያለ አፍና እንዲህ ያለ ጠባሳ ያላትን አይዶል የሚፈልግ ሙዚቃ አሳታሚ አልተገኘም፤ አምስተኛው ዘፈኔ መሳቢያ ውስጥ ገባ። ግን በዚያ አዳራሽ አንድ የሬዲዮ ሰው ነበርና ወር ሳይሞላ «ያቺን አፈኛ አምጡልኝ» ብሎ አስጠራኝ። ከሬዲዮ ወደ ቴሌቪዥን፣ ከቴሌቪዥን ወደ ሰው ድስት። እንጀራዬ የወጣው ከዚያ ጠባሳ ነው።

ግንባሬ በተሰፋ በሦስተኛው ቀን አንድ ወጣት ከቶያማ መጥቶ ቶኪዮ ካለው ቢሯችን ደረሰ። ራሱን ሙልጭ አድርጎ ተላጭቷል፤ ለይቅርታ ሲሉ መላጨት በእኛ ዘንድ የቆየ ነው። የቶያማና የአካባቢው ደጋፊዎቼ አለቃ እንደሆነና ሙካይዳ እንደሚባል ተናገረ። ጥፋቱ የኔ ነው አለ። ወኪሌ ደጃፍ ላይ አቁሞ ሰደበው፣ ከደጋፊ ማኅበሩ አባረረው፣ ቅርንጫፉንም አፈረሰው። ወርደሽ ይቅርታውን ተቀበዪ ሲሉኝ አሻፈረኝ አልኩ። ከፎቅ መስኮት ሆኜ አየሁት፤ በብርድ ዝናብ የተላጨ ራሱን ለተዘጋ በር ዝቅ አድርጎ ቆሟል። እትዬ ቶኪኤ አጠገቤ ሆና መጋረጃውን ይዛ ነበር። ጨርቁን በጡጫዋ ጨምድዳዋለች። በንዴት መስሎኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያ ልጅ ቀልዴ ሆነ። ስንት ጊዜ እንዳወራሁት አላውቅም፤ በየመዝናኛው፣ በየአዲስ ዓመቱ ዝግጅት፣ ወሬ ባጠረኝ ቁጥር። በየጊዜው ትንሽ እጨምርበታለሁ። አንድ ጊዜ ዓይኑን አንሸዋረርኩት፣ አንድ ጊዜ ንፍጥ አስለቀቅኩት፣ አንድ ጊዜ ደግሞ መላጣው ላይ እርግብ አሳረፍኩበት። ሰው እንባው እስኪወርድ ይስቃል። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የኔን ወለምታ ግን ሰው እያጨበጨበ ነበር የሚያሽልኝ። ቀልዱን ስጀምር እትዬ ቶኪኤ «ሲጋራ ላጭስ» ብላ ከስቱዲዮ ትወጣለች። ሲጋራ አጭሳ አታውቅም። ቀልዱ ሰልችቷት ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ።

ማሳረጊያው ሁልጊዜ አንድ ነበር፦ «አዳራሹ ግን ጢም ብሎ ነበር!» ይቺን ዓረፍተ ነገር አንድም ቀን አልዘለልኳትም። በዚህ ሙያ ያገኘሁት ሁሉ ዕድል ነው፣ ወይ የሰው ቸርነት ነው። የቶያማው አዳራሽ ግን የኔ ነበር። በድምፄ ያመጣሁት ሰው ነው፣ ያንን የሚቀማኝ የለም ብዬ ነው የኖርኩት። ሰው ሲያናንቀኝ፣ ባሌ ጥሎኝ ሲሄድ፣ ሐኪም ከጉሮሮዬ እባጭ ሲያወጣ፣ ዓይኔን ጨፍኜ እዚያ አዳራሽ እገባለሁ።

እትዬ ቶኪኤ ጡረታ ከወጣችም በኋላ በየክረምቱ ትደውልልኝ ነበር። ሂሚ ሂጂ፣ ቡሪው ሰብቶልሻል ትለኛለች። ሂሚ የዓሣ ከተማ ነው፣ ቡሪ የሚሉት ዓሣቸውም በእርግጥ ክረምት ላይ ቅቤ ነው፤ ግን ከቶያማ ቅርብ ነውና እግሬን አላነሳም እላለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት ሆስፒታል ተኝታ ሳለ እጄን ይዛ ያንኑ አለች። ዓሣ አምሯት መስሎኝ አመጣልሻለሁ አልኳት። ዓሣውን ሳላመጣላት ሞተች።

ዘንድሮ የቅዳሜው የቴሌቪዥን ዝግጅቴ በመጋቢት እንደሚያልቅ ተነገረን። አዘጋጁ ኖሴ የመጨረሻውን ከተማ እንድመርጥ ጠየቀኝ፤ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው፣ ጨዋ ልጅ ነው፣ ዘፋኝ እንደነበርኩ የሚያውቀው አንብቦ ነው። ለእትዬ ቶኪኤ ብዬ ሂሚ አልኩ። ደስ አለው። ወደቡ ላይ ቆመሽ የጥብጣቡን ቀልድ ታወሪያለሽ፣ ከዚያ «የማለዳው ጀልባ»ን ሁለቱንም ግጥም ትዘፍኛለሽ፣ በዚያው እንዘጋለን አለኝ። የመጀመሪያውን ብቻ እዘፍናለሁ አልኩት። እውነቱን ለመናገር ፈርቼ ነው። ሁለተኛውን ልጀምር ትንፋሽ በሳብኩ ቁጥር ወደ ግንባሬ የሚመጣ ነገር ያለ ይመስለኛል። የሃምሳ ስምንት ዓመት ሴት ወረቀት ትፈራለች ብዬ ለኖሴ እንዴት ልንገረው?

የካቲት ላይ ሄድን። በረዶ አለ፣ ባሕሩ ግራጫ ነው። ጠዋት የዓሣው ገበያ ቀረጽን፣ ቀትር ላይ ቡሪ በላሁ፣ ለእትዬ ቶኪኤም አንድ ቁራጭ በሰሃኔ ጠርዝ ላይ አኖርኩላት። ከሰዓት በኋላ እንደ ልማዳችን ሳናስታውቅ በር ለማንኳኳት አንድ ጠባብ መንገድ ውስጥ ገባን። የደረቀ ሳርዲን ሽታ ሳበኝና የመጀመሪያውን በር መታሁ። ሽርጥ ያገለደመች ሴት ከፈተች። «እንደምን አደሩ» አልኳት፤ በኛ ሙያ ከሰዓትም ቢሆን እንደምን አደሩ ነው የሚባለው።

ሴትየዋ አፏን በእጇ ያዘች።

«ሆናቻን?»

በዚያ ስም ከተጠራሁ ሠላሳ ዓመት አልፎኛል። ወዲያው ከጓሮ አንድ ባልዲ ተንኳኳ፣ በር ተላጋ።

«ባለቤቴ ነው» አለችኝ እየሳቀች። «ሸሸ። ይቺን ቀን ስንት ዓመት ሲጠብቃት ኖሮ፣ በሩ ላይ ስትቆሚ በጓሮ ፈረጠጠ። ግቢ፣ ግቢ እትዬ፣ ብርድ ነው።»

ሚሳኦ ትባላለች፣ ወሬኛ ናት፣ ወዲያው ወደድኳት። ባሏ በወጣትነቱ ደጋፊዬ እንደነበር፣ ተከትሎኝ ያልሄደበት ከተማ እንደሌለ እየነገረችኝ ከቁም ሳጥኑ ላይ የብስኩት ቆርቆሮዎች አወረደች። ካሜራው ይቀርጻል። በየቆርቆሮው ክዳን ላይ የከተማ ስም ተጽፏል፦ ሴንዳይ፣ ኒጋታ፣ ካናዛዋ። አንዱን ከፈትኩ። የካርቶን ቀለበቶች፣ በረድፍ በረድፍ። ከጥብጣቡ ያወጧቸውን እምብርቶች ሁሉ አስቀምጧቸዋል።

«ሌላዋ ሴት ስታገባ የባሏን የፍቅር ደብዳቤ ታገኛለች» አለች ሚሳኦ። «እኔ ካርቶን አገኘሁ።»

ሳቅኩ። ኖሴም ከካሜራው ጀርባ ሳቀ። እየሳቅኩ የመጨረሻውን ቆርቆሮ አነሳሁ። ክዳኑ ላይ በወጣት እጅ የተጻፈው እንዲህ ይላል፦ ቶያማ። ኅዳር። ሠላሳ ስድስት ሰው። እምብርቱ ሁሉም ወጥቷል፣ ሁለቴ አይቻለሁ።

ካሜራውን አጥፉልኝ አልኩ።

ሚሳኦ ሳቋ ጠፋ። ባልሽ ማነው ብዬ ስጠይቃት ሙካይዳ አለችኝ። ከዚያ ወደ ጓሮ ዞራ «ግባ በቃ፣ አይታዋለች» ብላ ተጣራች።

የጎማ ቦቲውን እንደተጫማ ኩሽናው በር ላይ ቆመ። ጸጉሩ ነጭና ጥቅጥቅ ያለ ነው። በአእምሮዬ አርባ ዓመት መላጣ አድርጌ ነው ያኖርኩት። ቦቲውን አወለቀ፣ ገባ፣ ግንባሩን ምንጣፉ ላይ ደፍቶ ስለ ግንባሬ ይቅርታ ጠየቀኝ።

«ይነሱ ጋሼ ሙካይዳ» አልኩት። «ሁሉም ወጥቷል ብለው ጽፈዋል።»

«የልጅነት ጽሑፍ ነው።»

«ሁለቴ አይቻለሁ ይላል። ታዲያ የኔን ግንባር የመታው የማን ነው?»

 ሚሳኦ ወይ አንተ ንገራት ወይ እኔ እነግራታለሁ አለችው። እሱም ዓይኑን ከምንጣፉ ሳያነሳ ተናገረ። የእነሱ ጥብጣብ ሁልጊዜ ከአንድ ሱቅ የሚገዛ የሎሚ ቢጫ ነበር። ያን ቀን ከመድረኩ ሥር ያነሳው፣ ደም የነካው ጥብጣብ ግን የእንቁላል አስኳል ቢጫ ነው። እነዚያ ዩኒፎርም የለበሱ ልጆች በአውቶቡስ ተጭነው ነው የመጡት። በር ላይ አንዲት ግራጫ ኮት የለበሰች ሴት ከሳጥን ጥብጣብ እያወጣች ለእያንዳንዳቸው ታድላለች። ከነማሸጊያው ነው።

«እምብርቱ እንዳልወጣ አየሁ» አለ። «አየሁት እኮ። ሄጄ ልነግራት ሁለት እርምጃ ተራምጃለሁ። ግን ብነግራት ልጆቹ የተቀጠሩ መሆናቸውን እንዳወቅኩባት ታውቃለች። አፈርኩላት። ላሳፍራት አልፈለግኩም። እንደቆምኩ የዝግጅቱ መጀመሪያ ደወል ተደወለ። ስለዚህ ጥፋቱ የኔ ነው ስል አልዋሸሁም።»

እንዲህ ያለው ነገር እኛ ዘንድ ብቻ ነው የሚደረገው። ሰውን ላለማሳፈር ብሎ ሰው እስኪፈነከት ዝም ማለት። ልስቅበት ፈለግኩ፣ አልመጣልኝም።

«በትክክል እኔን ብሎ የመጣው ስንት ሰው ነበር?»

«ክዳኑ ላይ አለ።»

ሠላሳ ስድስት። አንድ ሺህ ሁለት መቶ ወንበር፣ ሠላሳ ስድስት ሰው። ዓይኔን ጨፍኜ እንደ ልማዴ እዚያ አዳራሽ ገባሁ፤ ከኋላ ጀምሮ ረድፍ በረድፍ ሲነሱ፣ አውቶቡስ ውስጥ ሲገቡ አየኋቸው። አለቀስኩ። በሰው ቤት፣ በማላውቀው ሰው ፊት፣ በሳርዲን መሃል ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

«ለምን ዝም አልክ?» አልኩት፤ እርስዎ ማለቱን ረሳሁት።

እሱም ረሳው። «ግንባር ይድናል፣ ሆናቻን። አንዲት የአስራ ስምንት ዓመት ልጅ ሰው እንዳልመጣላት ካወቀች ግን በምን ትድናለች? ደጋፊሽ ነበርኩ እኮ። ሥራዬ ነው።»

«በቴሌቪዥን ስቀልድብህ ታይ ነበር?»

«ያመለጠኝ የለም። እርግቧ ጥሩ ነበረች።»

«ይስቃል» አለች ሚሳኦ። «ከሁሉ ቀድሞ ይስቃል። ከዚያ ወጥቶ የተሰጣውን ዓሣ ይገለብጣል። የገለበጠውን ዓሣ መልሶ ይገለብጣል።»

ከዚያ ተነስታ በክር የታሰሩ የአዲስ ዓመት ካርዶች አመጣች። የእትዬ ቶኪኤ እጅ ጽሑፍ ነው። ከዚያ ከቶያማው ዓመት አንስቶ እስከ ሞተችበት ድረስ አንድም ዓመት አልዘለለችም። ከታተመው የመልካም ምኞት በታች በየካርዱ ሁለት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ብቻ፦ ጤናዎን ይጠብቁ። ይቅር ይበሉኝ። ያ መጋረጃ የያዘው እጇ ታየኝ። ያላጨሰችው ሲጋራ ሁሉ ታየኝ። ለካ ሂሚ ሂጂ ያለችኝ ለዓሣ አልነበረም። ተናደድኩባት፤ ንዴቱ ግን ካርዶቹን አንብቤ እስክጨርስ እንኳ አልቆየም። ያን አዳራሽ ያስሞላችው ባዶ ወንበር አይቼ እንዳልሰበር ብላ ነው። የራሷን ነገር ሆድ ይፍጀው ብላ ኖረች፣ እሱም እንዲሁ፣ እኔ ብቻ ነኝ አፌን ስከፍት የኖርኩት።

ፊቴን ታጠብኩና ኖሴን ካሜራውን ክፈት አልኩት። ሙካይዳ ምን ላደርግ እንደሆነ ገባው።

«አይሆንም ሆናቻን» አለኝ። «አዳራሹን አትንኪ።»

«አዳራሹ የኔ ነው» አልኩት።

መንገዱ ላይ፣ ሳርዲን በተሰጣባቸው ወንፊቶች መሃል ቆምኩ። በዚያ መሃል ከየቤቱ አሮጊቶች ጃንጥላ ይዘው ወጥተዋል። አርባ ዓመት ያሳቅኳችሁ ቀልድ ውሸት ነበር ብዬ ጀመርኩ። እምብርቱን ያላወጣው ልጅ እንዳወጣው፣ ሁለቴም እንዳየው ተናገርኩ። አዳራሹ ጢም አላለም አልኩ። ሠላሳ ስድስት ሰው ነበር፣ ከሠላሳ ስድስቱ አንዱ ይኸው ብዬ እጁን ይዤ ጎተትኩት። መላጣ እንዳልሆነም አሳየሁ። ከአሮጊቶቹ አንዷ «ሙካይዳ፣ አንተ ነህ እንዴ ባለ እርግቡ?» ብላ ጮኸች። ጆሮው ድረስ ቀላ፣ እጁን ከእጄ አስለቅቆ ቤት ገባ። አበላሸሁት ብዬ ደነገጥኩ።

ቢሆንም ጀመርኩ። ሙዚቃ የለም፣ ድምፄም ያኔ የነበረው አይደለም፣ ልጅቷ ወደቡን እየለቀቀች ነው። የመጀመሪያውን ግጥም ጨረስኩ። ለሁለተኛው ትንፋሽ ሳብኩ፣ እንደ ሁልጊዜው ግንባሬ ላይ ጠባሳው ወረረኝና ቆምኩ። ኖሴ ይበቃል እንድል እየጠበቀኝ ነው።

ሙካይዳ ከቤት ወጣ። እጁ ላይ አንድ ጥቅል ጥብጣብ አለ፣ የሎሚ ቢጫ፣ ጠርዙ በዕድሜ ነጣ ያለ። የዚያን ቀን ሳይወረውረው የቀረ መሆን አለበት፤ ዘፈኑ ሲቆም እጁ ላይ የቀረው። ካሜራውን አላየም፣ እኔን ብቻ ነው ያየው። አውራ ጣቱን በጥቅልሉ መሃል አሳልፎ መለሰው፣ ከዚያ ከፍ አድርጎ ወደ እኔ አዞረልኝ። ባዶ ነው። በቀዳዳው ውስጥ የሚወርደው በረዶ ይታያል።

ሁለተኛውን ግጥም ጀመርኩ። «ሆናቻን» ብሎ ጮኸ፣ አንድ ሽማግሌ ብቻውን፣ እና ወረወረው። ወረቀቱ አርጅቶ ኖሮ አየር ላይ ገና ሳይፈታ ተበጣጠሰ። አንዷ ቁራጭ መጥታ ግራ ቅንድቤ ላይ አረፈች። ምንም ክብደት አልነበራትም። ሳላነሳት ዘፈኑን እስከ መጨረሻው ዘፈንኩት።